የቲቢ ምርምር ገንዘብ፦ ለምን ያንሳል፣ ከየት ይመጣል፣ መቼና እንዴት ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ «በዞን ጤና መምሪያ የቲቢ ፕሮግራም አስተባባሪ ነኝ። በየዓመቱ መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀንን እናከብራለን፤ ባነር ይሰቀላል፣ ባለሥልጣናት ንግግር ያደርጋሉ፣ እኛም ለቲቢ ምርምር በጀት ይመደብ ብለን ደብዳቤ እንጽፋለን። መልስ ግን የለም። ይህን ያህል ሰው የሚገድል በሽታ የምርምር ገንዘብ ለምን ያጣል? ገንዘቡስ በእውነት ከየት ነው የሚመጣው? የፖለቲካ ቁርጠኝነት የሚባለውን ከንግግር ወደ ገንዘብ ለመቀየር ምን ይደረጋል? እኔ ባለሁበት ደረጃስ የምሠራው ነገር አለ?»

ምላሽ፦

ደብዳቤዎ መልስ የሚያጣው ከሁሉ በፊት በቀኑ ምክንያት ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጥሪውንና ጣሪያውን ለመሥሪያ ቤቶች የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት አካባቢ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን አጠናቀው የሚያስገቡት በመጋቢት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያጸድቀው ደግሞ በሰኔ ነው። መጋቢት 15 የተጻፈ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሠንጠረዡ ተሞልቶ አልቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ከዚህ የጀመርኩት ጉዳዩን ለማሳነስ አይደለም። በዓለም ደረጃ ያለው ችግርም በመልኩ ያው ስለሆነ ነው፦ ቃል የሚገባበት መድረክ ሌላ፣ ገንዘብ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ሌላ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና አብረዋቸው የተጻፉት ወራት የሀገራችን ናቸው ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ቃሉንና ገንዘቡን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በመስከረም 2018 የተባበሩት መንግሥታት በቲቢ ላይ የመጀመሪያውን ከፍተኛ የመሪዎች ስብሰባ አካሄደ። ሀገራቱ ለቲቢ ምርምር በዓመት 2 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣ ተስማሙ። በዚያ ዓመት በመላው ዓለም ለምርምሩ የወጣው 906 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ገና አንድ ቢሊዮንን ማለፉ ነው። በመስከረም 2023 መሪዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ፤ የፊተኛው ግብ ሳይሞላ ሌላ ተቀመጠ፦ እስከ 2027 ድረስ በዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር። በዚያው ዓመት የወጣው 1.2 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ከግቡ አንድ አራተኛ እንኳ አይሞላም። ለምርመራ፣ ለሕክምናና ለመከላከል የሚወጣውም ከዚህ አይሻልም፤ በ2027 በዓመት 22 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ በ2024 የተገኘው 5.9 ቢሊዮን ነው። በ2024 10.7 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል፣ 1.23 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በአንድ ተዋህሲ ምክንያት ከሚመጡ በሽታዎች መካከል ይህን ያህል የሚገድል የለም፤ ባክቴሪያውን ካወቅነው ግን ከ1882 ጀምሮ ከ140 ዓመት አልፎታል፣ ያለን ክትባትም በ1921 ሥራ ላይ የዋለው ቢሲጂ ብቻ ነው።

በሁለቱ መግለጫዎች ውስጥ የጎደለው ዋናው ነገር ድርሻ ነው። 2 ቢሊዮን፣ 5 ቢሊዮን ተባለ፤ የትኛው ሀገር ስንት ያዋጣ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ዕድር እንኳ መዋጮውን በአባወራ ካልደለደለ ገንዘብ አይሰበስብም። ከ2005 ጀምሮ የቲቢ ምርምር ወጪን በየዓመቱ እየቆጠረ የሚያወጣው ትሪትመንት አክሽን ግሩፕ የተባለው ድርጅት ለዚህ መላ አቅርቧል፦ እያንዳንዱ ሀገር ለምርምርና ልማት ከሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ቢያንስ 0.1 በመቶውን ለቲቢ ይስጥ የሚል። ይህ ቁጥር ለእርስዎ ሥራ ጠቃሚ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስንመለከት፣ የሚያሳስበው ማነሱ ብቻ ሳይሆን ከጥቂት ኪስ መውጣቱም ነው። አንደኛው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤን.አይ.ኤች) ነው። ሁለተኛው ጌትስ ፋውንዴሽን ነው። ሦስተኛው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ ነበር። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታን ሲያቆም ዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የሚሰጣቸው የቲቢ ሙከራዎች በሙሉ ቆሙ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውና ለአምስት ዓመት እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር የተያዘለት ስማርት ፎር ቲቢ የተባለ ፕሮጀክት መሃል ላይ ተቋረጠ። በግንቦት ወር ደግሞ ኤን.አይ.ኤች በአሜሪካ ተቋማት በኩል ወደ ውጭ ተባባሪዎች ያልፍ የነበረውን ንዑስ ድጋፍ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ አገደ።

ሙከራ መሃል ላይ ሲቆም የሚደርሰውን ማየት ያስፈልጋል፤ ግንባታ እንደሚቋረጠው ዓይነት አይደለም። አንድ ታካሚ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ በሽታው መመለሱን ለማወቅ ስድስት ወር፣ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ክትትል ይደረግለታል። የአክታ ካልቸር (ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ መመርመር) በፈሳሽ መመርመሪያ «የለበትም» የሚባለው 42 ቀን ተጠብቆ ነው። ክትትሉ በሦስተኛው ወር ከተቋረጠ ቀደም ብሎ የተሰበሰበው መረጃም ጥያቄውን አይመልስም፤ ያን ሁሉ አክታ የሰጠ፣ ደም የተቀዳ ሰው ድካሙ ሜዳ ላይ ይቀራል። ነርሷና የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ሌላ ሥራ ይይዛሉ፤ ገንዘቡ ከዓመት በኋላ ቢመለስ እንኳ ሥልጠናው ከሀ ይጀመራል። ስለዚህ ለቲቢ ምርምር የተረጋጋ አነስተኛ ገንዘብ፣ ሞልቶ ከሚደርቅ ትልቅ ገንዘብ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሀብታም ኩባንያዎች ለምን አይገቡበትም ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ታማሚው ድሃ ነው፣ መድኃኒቱ ለጥቂት ወራት ተወስዶ ያበቃል፣ ገዢው ብዙውን ጊዜ መንግሥት ወይም ለጋሽ ነው። ወጪው ግን ትልቅ ነው፤ ለምን እንደሆነ በአንድ ክትባት ላይ ቀረብ ብለን እንይ።

ኤም 72 የተባለው የክትባት ዕጩ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ ባክቴሪያው በሰውነታቸው ባለ፣ ነገር ግን ባልታመሙ አዋቂዎች ላይ ተሞከረ። በመጨረሻው ትንተና የገቡት 3,289 ሰዎች ናቸው። ሦስት ዓመት ከተከታተሏቸው በኋላ ክትባቱን ከወሰዱት 13፣ ካልወሰዱት 26 ሰዎች በሳንባ ቲቢ ታመሙ። ግማሽ ያህል መከላከል ማለት ነው፤ ለቲቢ ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ግን ቁጥሩን ልብ ይበሉ፦ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ሦስት ዓመት ተጠብቆ የተገኘው 39 ታማሚ ነው። ካልተከተቡት መካከል በዓመት የሚታመመው ከ1,000 ሰው ስድስት ያህል ነበርና። ውጤቱን በማያጠራጥር ሁኔታ ለማረጋገጥ እንግዲህ እስከ 20,000 የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሰው በየጊዜው ይጠየቃል፣ ሳል ሲይዘው አክታው ይመረመራል፣ ራጅ ይነሣል። የዚህ የሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ወጪ 550 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ 400 ሚሊዮን ያህሉን ጌትስ ፋውንዴሽን፣ እስከ 150 ሚሊዮን የሚደርሰውን የብሪታንያው የበጎ አድራጎት ተቋም ዌልካም ይሸፍናሉ። አንድ ሙከራ ብቻ የዓለም የዓመት የቲቢ ምርምር ገንዘብ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያው ተስፋ ሰጪ ውጤት የታተመው በ2018 ነው፤ ገንዘቡ መገኘቱ የተነገረው በሰኔ 2023፣ የመጀመሪያው ክትባት በደቡብ አፍሪካ የተሰጠው በመጋቢት 2024። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሞቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው ስሌት 50 በመቶ የሚከላከል ክትባት በ25 ዓመት ውስጥ እስከ 76 ሚሊዮን ሰዎችን ከመታመም፣ 8.5 ሚሊዮን ሰዎችን ከሞት ሊያድን እንደሚችል፣ የወጣበት እያንዳንዱ ዶላርም በጤናና በኢኮኖሚ 7 ዶላር እንደሚመልስ ያሳያል። ለገንዘብ ሚኒስቴር ሰው የሚቀርበው ክርክር ይህኛው ነው።

ገንዘብ ሲገኝ ውጤት እንደሚመጣ ሩቅ ሳይኬድ አዲስ አበባ ማስረጃ አለ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው ድሮ 20 ወርና ከዚያ በላይ ይታከም ነበር፤ ለወራት በየቀኑ መርፌ ይወጋል፣ አንዳንዱም በመርፌው ምክንያት ጆሮው ይደነቁራል። ስትሪም የተባለው ሙከራ በመጀመሪያው ምዕራፉ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም 424 ሰዎችን አሳትፏል፤ በኢትዮጵያ የተካሄደው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ነበር። በ2019 የታተመው ውጤት ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስደው ሕክምና ከ20 ወሩ እንደማያንስ አሳየ፤ የተሳካላቸው 78.8 በመቶና 79.8 በመቶ ነበሩ። በሁለተኛው ምዕራፍ መርፌው ወጥቶ ቤዳኩዊሊን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ሲገባ ውጤቱ የበለጠ ተሻሻለ። በሌላ በኩል ድንበር የለሽ ሐኪሞች ባካሄደው ሙከራ ስድስት ወር ብቻ የሚወሰድ የአራት መድኃኒቶች ስብስብ የተሻለ ሆኖ ስለተገኘ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ እሱን ይመክራል። የስትሪም ዋና ገንዘብ ከዩኤስኤአይዲ የመጣ ነው። ከላይ ያልኩት ኪስ ሲዘጋ የተዘጋው እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ትንሽ ገንዘብም ብዙ ይሠራል። በ2010 እና 2011 የተካሄደው ብሔራዊ የቲቢ ሥርጭት ጥናት 46,697 ሰዎችን መርምሮ፣ አክታቸው በማይክሮስኮፕ ቲቢ የታየባቸው ከ100,000 አዋቂ 108 መሆናቸውን አገኘ፤ ከዚያ በፊት ይገመት ከነበረው በታች። ከዚያ በኋላ ዕቅድ የሚወጣው በግምት ሳይሆን በተለካ ቁጥር ሆነ። በሲዳማ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳል ያለበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው አክታ እንዲሰበስቡ፣ ናሙናውም እንዲጓጓዝ ሲደረግ፣ በአክታ ምርመራ ተገኝተው የሚመዘገቡ ታማሚዎች በዓመት ከ100,000 ሰው 64 የነበሩት 127 ደረሱ። አዲስ መድኃኒትም አዲስ መሣሪያም አልተፈለሰፈም፤ የተጠናው «አክታውን ማን ከየት ያምጣው?» የሚለው ነው። ለባለሥልጣን ምርምር ስንል ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመጣው ውድ ላብራቶሪ ብቻ ከሆነ፣ ይህን ምሳሌ ሳናነሳ ከቢሮው መውጣት የለብንም።

አሁን ወደ አጠያየቁ እንምጣ። «ለቲቢ ምርምር ትኩረት ይሰጠው» የሚል ጥያቄ እምቢ ሊባል አይችልም፤ ችግሩም እሱ ነው፤ ሁሉም «እሺ» ይላል፣ ማንም አይጠየቅበትም። ጥያቄው ስንት ብር፣ በየትኛው የበጀት መደብ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ሥር፣ እስከ መቼ ምን ውጤት ለማምጣት የሚል መሆን አለበት። ስንት የሚለውን ለመወሰን 0.1 በመቶው ይረዳል። ለስሌት እንዲመች የአንድ ሀገር ጠቅላላ ምርት 100 ቢሊዮን ዶላር፣ ለምርምርና ልማት የምታወጣውም የዚህ 0.3 በመቶ ነው እንበል። ይህ 300 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል፤ የእሱ 0.1 በመቶ 300,000 ዶላር ነው። ለመንግሥት የማይከብድ ገንዘብ ነው፤ አምስትና ስድስት የመስክ ጥናቶችን ግን በየዓመቱ ያንቀሳቅሳል። የአፍሪካ ኅብረት አባል ሀገራት ለምርምር ለመመደብ የተስማሙት ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶ ስለሆነ፣ ይህን መጠየቅ መንግሥት የፈረመውን ማስታወስ እንጂ አዲስ ሸክም መጫን አይደለም።

የበጀት መደቡ ጉዳይ ከመጠኑ ይበልጣል ባይ ነኝ። የምርምር ገንዘብ ከቲቢ ፕሮግራሙ ገንዘብ ጋር በአንድ ርዕስ ከተደባለቀ፣ የጂን ኤክስፐርት (የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ) ካርትሪጅ ያለቀ ቀን መጀመሪያ የሚሠዋው እሱ ነው። የፕሮግራሙ ኃላፊም ትክክል ነው፤ በሩ ላይ የቆመ ታማሚ እያለ ለጥናት አስቀምጣለሁ ሊል አይችልም። ስለዚህ ገና ከመነሻው የራሱ ኮድ ያለው፣ ወደ ሌላ ሥራ የማይዛወር ርዕስ ይጠየቅ። ከዚህ በተጨማሪ ገንዘቡ በብር ይሁን እንጂ ሪኤጀንቱ (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካሉ) በዶላር የሚገዛ መሆኑ መረሳት የለበትም። በሀገራችን አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ በብር ብቻ ታቅዶ የነበረ የካልቸር ግዢ በአንድ ክረምት ግማሽ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በዕቅዱ ውስጥ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በዶላር ተለይቶ ይጻፍ፣ የምንዛሪ መጠባበቂያም ይያዝለት። የካልቸር ቱቦ የአገልግሎት ጊዜው አጭር ነው፤ ጉምሩክ ላይ ሁለት ወር ከቆየ የሚደርሰው ለመጣል ነው፤ ስለዚህ ከቀረጥ ነፃ ፈቃዱ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይጠናቀቅ። ባለሙያውን ከባክቴሪያው የሚከላከለው የባዮሴፍቲ ካቢኔት በየዓመቱ ካልተፈተሸ ሥራ ይቆማል፤ ናሙና የሚቀመጥበት 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ጄኔሬተርና ነዳጅ ይፈልጋል። እነዚህ ጥቃቅን ወጪዎች በዕቅድ ላይ ባለመጻፋቸው የተበላሸ ጥናት፣ ሳይንሱ በመክሸፉ ከተበላሸው ይበዛል።

መቼ ለሚለው፦ በመስከረምና ጥቅምት ማስረጃው ይዘጋጅ፣ በኅዳርና ታኅሣሥ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሆኖ ለመሥሪያ ቤቱ የዕቅድና በጀት ክፍል ይድረስ፣ የበጀት ጥሪው ሲመጣ ርዕሱ ረቂቁ ውስጥ ተካቶ ይገኝ። ለሚኒስትሩ ወይም ለቢሮ ኃላፊው መጻፍ መልካም ነው፣ ሠንጠረዡን የሚሞላው ግን የዕቅድ ባለሙያው ነው፤ አብዛኛው ሰው እሱን አያውቀውም። በግንቦትና ሰኔ ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ሲሄድ ጤናን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ መጠየቅ የሚችለውን ጥያቄ አዘጋጅቶ መስጠት ይቻላል፦ «ባለፈው ዓመት ለቲቢ ምርምር የተመደበው ስንት ነበር፣ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ?» ሁለተኛው ግማሽ ዋናው ነው። ተመድቦ ያልወጣ ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት «አልተፈለገም» ተብሎ ይቀነሳል። የምክር ቤት አባላትን በዚህ ጉዳይ የሚያገናኝ በ2014 የተመሠረተ ግሎባል ቲቢ ኮከስ የተባለ መረብ አለ፤ አባል መሆን የሚፈልግ እንደራሴ ካለ ብቻውን አይደለም። መጋቢት 15ን ደግሞ ለመጠየቂያ ሳይሆን ለመቆጣጠሪያ ያውሉት፦ ባለፈው ዓመት ቃል የተገባው ይህ ነበር፣ የተደረገው ይህ ነው ብሎ በአደባባይ ማንበቢያ።

ከመንግሥት ውጭ ሁለት በሮች አሉ። ለኤች.አይ.ቪ፣ ለቲቢና ለወባ ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድ መሠረታዊ ምርምር አይደግፍም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን የሚያሻሽል የአተገባበር ጥናት በሀገሪቱ ማመልከቻ ውስጥ ሊካተት ይችላል፣ ማመልከቻው በየሦስት ዓመቱ ሲዘጋጅ ለሀገር አቀፉ አስተባባሪ ኮሚቴ በጊዜ ከቀረበ። ያም ቢሆን በኅዳር 2025 ለጋሾች ለግሎባል ፈንድ ቃል የገቡት 11.34 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ የተጠየቀው 18 ቢሊዮን ስለነበር ፉክክሩ ይጠነክራል። ሌላው የአውሮፓና የታዳጊ ሀገራት የክሊኒካል ሙከራ ትብብር ነው፤ ከ2003 ጀምሮ የአፍሪካ ተቋማትን በአጋርነት የሚያሳትፍ ስለሆነ የምርምር ማዕከላት ጥሪዎቹን ቢከታተሉ ያዋጣል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ወዳጅ ካለዎት ደግሞ የሚሠራው አለ። ኤን.አይ.ኤች ያለው ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ። የእሱ ገንዘብ የሚወሰነው በጤናና ትምህርት የበጀት ሕግ ነው፤ የውጭ የቲቢ ርዳታ ደግሞ በሌላ ሕግ፣ በውጭ ጉዳይ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር አለው፤ ለ2024 394.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሁለቱን የተለያዩ ኮሚቴዎች ስለሚያዩአቸው ደብዳቤው የትኛውን መስመር እንደሚመለከት በስም ይጥራ። የበጀት ዓመታቸው የሚጀምረው በእነሱ አቆጣጠር ጥቅምት (ኦክቶበር) 1 ነው፤ የኮንግረስ አባላት ቢሮዎች የበጀት ጥያቄ የሚቀበሉት ግን ገና ክረምታቸው ሲወጣ፣ በየካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው። የመራጩ የፖስታ ኮድ ያለበት አጭር ደብዳቤ፣ ከሌላ ግዛት ከመጣ ረጅም ጽሑፍ የተሻለ ይነበባል።

ገንዘቡ ሲጠየቅ ዋጋውም አብሮ ይጠየቅ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቤዳኩዊሊን በታኅሣሥ 2012 ሲፈቀድ ከ40 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው አዲስ ዓይነት የቲቢ መድኃኒት ነበር። በ2020 የታተመ ጥናት እንደገመተው ለምርምሩ ከሕዝብ ገንዘብ ከ455 እስከ 747 ሚሊዮን ዶላር ሲወጣ፣ ባለቤቱ ኩባንያ ያወጣው ከ90 እስከ 240 ሚሊዮን ነው። የስድስት ወር መድኃኒቱ በ2020 340 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ታካሚዎች ሕንድ ውስጥ የፓተንት (የብቸኛ አምራችነት መብት) ማራዘሚያውን ተከራክረው በመጋቢት 2023 ካስጣሉትና ግፊቱ ከበረታ በኋላ ግን ወደ 130 ዶላር ወረደ። የጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅም በ2012 ለጋሾች ገንዘብ ጨምረው ከ16.86 ወደ 9.98 ዶላር ከወረደ በኋላ ለአሥር ዓመት ንቅንቅ አላለም፤ በመስከረም 2023 በሲቪል ማኅበራት ግፊት 7.97 ሆነ። ሁለቱም ቅናሾች የተገኙት ዕቃው ገበያ ላይ ከዋለ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሕዝብ ገንዘብ የሚያወጣበት ሙከራ ውል ሲፈረም ዋጋውና አቅርቦቱ እዚያው ውሉ ላይ ቢጻፍ፣ ሙከራው የተካሄደበት ሀገር ሕዝብ መድኃኒቱን ለማግኘት እንደገና አይለምንም። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎችም ናሙና ወደ ውጭ የሚላክበትን ስምምነት ሲያዩ ይህን ጥያቄ ቢያነሱ ሥልጣናቸው ነው።

ወደ እርስዎ ዞን እንመለስ። አዲስ ገንዘብ ሳይፈልግ ዘንድሮ ሊሠራ የሚችል፣ ክልሉን የሚያነቃ አንድ ጥናት ልጠቁም፦ ላብራቶሪው ቲቢ አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው ሰዎች ስንቶቹ ሕክምና አልጀመሩም? የአንድ ሩብ ዓመት የላብራቶሪ መዝገብ ይውሰዱ፣ በጂን ኤክስፐርት ወይም በማይክሮስኮፕ የተገኘባቸውን በሙሉ ያውጡ፣ ከዚያ በቲቢ ክፍሉ የታካሚዎች መዝገብ በስም፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቀበሌ ያመሳክሩ። ስህተት የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ በሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር የሚሰጡት የክትትል አክታ ከአዲሶቹ ጋር ይቆጠራል፤ «ለምርመራ» የተባለውን ብቻ ይያዙ። ሁለተኛ፣ ስም በሁለት መዝገብ በተለያየ ፊደል ይጻፋል፤ ኃይሌና ሀይሌ፣ ፀሐይና ጸሀይ አንድ ሰው ሆነው ሳለ ኮምፒውተሩ ይለያቸዋል፤ በዓይን ይመሳከሩ። ሦስተኛ፣ ታማሚው በአጎራባች ወረዳ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ «ጠፋ» ከማለትዎ በፊት ወደተላከበት ጣቢያ ይደውሉ፣ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ይጠይቁ። የጠፋ ሰው ከተገኘ ያኔውኑ መድኃኒት ይጀምር እንጂ ጥናቱ እስኪያልቅ አይጠበቅ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከክልሉ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ፈቃድ ያግኙ፤ ማመሳከሩ ሲያልቅም ስሙ ተፍቆ መለያ ቁጥር ብቻ ይቅር።

ውጤቱ አንድ ቁጥር ነው፦ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች ይህን ያህሉ መድኃኒት አልጀመሩም። ከጎኑ ናሙናው ከተሰጠበት ቀን ውጤቱ እስከተመለሰበት ቀን ያለውን የቀናት አማካይ ይጨምሩ። ከዚያ ምክንያቱን ለማጥናትና መፍትሔውን በሦስትና አራት ወረዳዎች ለመሞከር የሚያስፈልገውን ብር በዝርዝር ይጻፉ፦ የናሙና ማመላለሻ ሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች አበል፣ የስልክ ካርድ፣ የአንድ ባለሙያ የትንተና ጊዜ። በአቅራቢያዎ ካለው ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ክፍል አንድ አጋር ያስፈርሙበት። ገጹ ከአንድ አይብለጥ፤ ታኅሣሥ ሳያልቅ በጤና ቢሮው የዕቅድና በጀት ክፍል እጅ ይግባ፣ ግልባጩ ለቲቢ ፕሮግራሙና በጤና ሚኒስቴር በኩል በየዓመቱ የቲቢ ምርምር ጉባኤ ለሚያዘጋጀው የቲቢ ምርምር አማካሪ ኮሚቴ ይሂድ። የገቢ ቁጥሩን ከመዝገብ ቤት ይዘው ይውጡ፤ የካቲት ላይ የሚደውሉት በእሱ ነው።